ሐረጉና ዘንዶው፦ ከኢኪቶስ እስከ ሳሚሪያ የዘጠኝ ቀን የጉዞ ማስታወሻ

ይህ ማስታወሻ በፔሩ አማዞን፣ በሎሬቶ ግዛት፣ ሁለት ነገር በአንድ ጉዞ ለማየት ለሚነሳ ሰው የተጻፈ ነው፤ አያዋስካ የሚባለውን ራእይ የሚያሳይ የሐረግ መድኃኒትና የወንዙን ትልልቅ እባቦች። ብዙው ተጓዥ መድኃኒቱን ከአንዱ፣ እባቡን ከሌላው አስጎብኚ ይገዛል። የአገሩ ሰው ግን አይለያቸውም። ያኩማማ፣ ማለትም የውሃ እናት፣ የሚሏት ታላቋ እባብ ሐይቁን የምትጠብቀው እሷ ናት፤ መድኃኒቱ በሚጠጣበት ሌሊትም የምትመጣው እሷው ናት ይላሉ። ስለዚህ ቀኖቹን የደረደርነው ወንዙ እንዲቀድም፣ ጽዋው እንዲከተል አድርገን ነው።

ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሰዓቱንና ወሩን ግን በእኛው ጽፈናል። ኢኪቶስ ከምድር ወገብ አጠገብ ስለሆነች ፀሐይ እዚያም 12 ሰዓት ገደማ ወጥታ 12 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች።

ከመነሳት በፊት

መጀመሪያ ወሩን ምረጡ። ኢኪቶስ አጠገብ ወንዙ በዓመት ውስጥ 10 ሜትር ያህል ከፍና ዝቅ ይላል። ከየካቲት እስከ ግንቦት ውሃው ደኑ ውስጥ ስለሚገባ ታንኳ በዛፍ መካከል ይቀዘፋል፤ እባቡም ከውሃው ጋር ይበተናል፣ ማግኘቱ ይከብዳል። ከሐምሌ መጨረሻ እስከ ጥቅምት ውሃው ይሸሻል፤ ኩሬው ይጠባል፣ ዓሣው ይታፈጋል፣ አናኮንዳውም ምግቡ ወዳለበት ይሰበሰባል። እባብ ለማየት ነሐሴና መስከረም ይሻላሉ።

የቢጫ ወባ ክትባት ቢያንስ 10 ቀን ቀደም ብሎ ይወሰዳል። ሎሬቶ የወባ አገር ስለሆነ መከላከያ ክኒንም ያስፈልጋል። ሐኪሙ ሜፍሎኪን ካዘዘላችሁ ሌላ እንዲቀይርላችሁ ጠይቁት፤ በራሱ ቅዠትና ጭንቀት የሚያመጣባቸው ሰዎች አሉና ለአያዋስካ ሌሊት አይሆንም።

ከሁሉ የሚያሳስበው ግን ሰው ከቤቱ እየዋጠ የሚመጣው መድኃኒት ነው። ሐረጉ ኤምኤኦ የተባለውን ኢንዛይም ለሰዓታት ያግዳል። ይህ ኢንዛይም ሴሮቶኒንንና ሌሎች የነርቭ ኬሚካሎችን የሚያፈርስ ነው። እሱ በታገደበት ሰዓት ደም ውስጥ ፍሉኦክሰቲን፣ ሰርትራሊን፣ ሲታሎፕራምና መሰል የድባቴ መድኃኒቶች ካሉ ሴሮቶኒን ከልክ ያልፋል፤ የሰውነት ሙቀት ያሻቅባል፣ ጡንቻ ይንቀጠቀጣል፣ ሰው ሊሞት ይችላል። ትራማዶልና ዴክስትሮሜቶርፋን ያለበት የሳል ሽሮፕም ያው ናቸው። ሱዶኤፌድሪን ያለበት የጉንፋን ክኒን ደግሞ የደም ግፊትን ይሰቅላል። አብዛኞቹ የድባቴ መድኃኒቶች ከሰውነት ጠርተው ለመውጣት 2 ሳምንት ያህል ይፈልጋሉ፤ ፍሉኦክሰቲን ግን ከ5 ሳምንት በፊት አይወጣም። ለጽዋው ብላችሁ በገዛ እጃችሁ እንዳታቋርጡ። የሚከታተላችሁ ሐኪም ካልተስማማ የሚቀረው ጽዋው ነው።

የእኛን ሰው በተለይ የሚመለከተው ጫት ነው። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የአምፌታሚን የቅርብ ዘመድ ነው፤ ኤምኤኦ በታገደበት ሰውነት ውስጥ ልብና ደም ግፊት ላይ የሚያደርገው አይታወቅም ብሎ መሞከር የለም። ቃሚ ሰው ቢያንስ ከ2 ሳምንት በፊት ይተው፣ መቃሙንም ጽዋውን ለሚሰጠው ማዕከል ይናገር። የማዕከሉ መጠይቅ ስለ ኮኬይን እንጂ ስለ ጫት አይጠይቅም።

ስኪዞፍሬኒያ ወይም ባይፖላር ያለበት፣ ወላጁ ወይም ወንድም እህቱ ያለባቸው፣ የልብ በሽተኛ፣ የደም ግፊቱ ያልተስተካከለ፣ ነፍሰ ጡር፣ እነዚህ ጉዞውን እስከ 6ኛው ቀን ይጓዙ። ይህም ሙሉ ጉዞ ነው።

1ኛ ቀን፤ ኢኪቶስ

ከሊማ በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነው። ሌላው አማራጭ ጀልባ ነው፣ ምክንያቱም ኢኪቶስን ከተቀረው ፔሩ ጋር የሚያገናኝ የመኪና መንገድ የለም። ከአየር ማረፊያው በር ጀምሮ የሚያጋጥማችሁ ባጃጅ ነው፤ ከተማዋ በባጃጅ ድምፅ ነው የምትኖረው።

እዚያው በር ላይ «ዛሬ ማታ ሥነ ሥርዓት አለ» የሚል ሰው ይቀርባችኋል። መልሱ አጭር ነው፣ አይሆንም። ስለ ጤናችሁ ሳይጠይቅ ጽዋ የሚያቀርብ ሰው ሥራውን አያውቅም፣ ወይም ግድ የለውም።

ከሰዓት በኋላ በወንዙ ዳር ያለውን ጎዳና ተጓዙ። በሰድር የተለበጡት አሮጌ ቤቶች የጎማ ዘመን ቅሪት ናቸው። ከ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ እስከ 1912 ገደማ ዓለም የአማዞንን ጎማ ሲሻማ ገንዘቡ እዚህ ፈሰሰ። ጎማውን ያወጡት የደን ሕዝቦች ግን በፑቱማዮ ወንዝ ላይ በጅራፍና በረሃብ አለቁ፤ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሮጀር ኬዝመንት በ1910 ሄዶ ያጣራው ግፍ ያ ነው። የውጭ ሰው ከደኑ አንዳች ነገር ሊወስድ ሲመጣ የአገሩ ሽማግሌዎች ለምን ዝም ብለው እንደሚያዩት ከዚህ ይገባል።

የምግብ ጥንቃቄው ከዛሬ ይጀምር። የአሳማ ሥጋ፣ መጠጥ፣ ያረጀ አይብ፣ የደረቀና የተቦካ ሥጋ፣ ሶያ ሶስ ይቅሩ። ባረጀና በተቦካ ምግብ ውስጥ ያለውን ታይራሚን የተባለ ንጥረ ነገር የሚያፈርሰው ያው ኤምኤኦ ነው፤ ካልፈረሰ የደም ግፊትን ይሰቅላል። በጾም ያደገ ሰው ይህ አይከብደውም፤ ሩዝ፣ የተቀቀለ ሙዝ፣ ካሳቫና የወንዝ ዓሣ በየቦታው አለ። ሁዋኔ የሚባለው በቅጠል ተጠቅልሎ የሚቀቀል ሩዝ ኮባ ላይ የተጋገረ ዳቦ ለለመደ ሰው ሽታው ራሱ ያስታውሰዋል፤ ግን ጨውና ቅመም ስላለው ከ6ኛው ቀን በፊት ብቻ ብሉት።

2ኛ ቀን፤ የቤሌን ገበያ

ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሂዱ፤ ቆይቶ ሙቀቱ አያስቆምም። ቦርሳ ከፊት ይያዝ። ፓሳሄ ፓኪቶ የሚባለው ጠባብ መተላለፊያ የመድኃኒት ተራ ነው። በአልኮል የተዘፈዘፈ ቅርፊት፣ የደረቀ ሥር፣ ማፓቾ የሚባለው ብርቱ ትምባሆ፣ በአሮጌ የለስላሳ ጠርሙስ የተሞላ አያዋስካም ይሸጣል።

ጠርሙሱን አትግዙ። ውስጡ ያለው የአንዱ ከሌላው አይመሳሰልም፤ ሙቀት ላይ ከቆየም ይቦካል። ከዚህ የከፋው ቶኤ ነው። ቶኤ ረጃጅም የደወል አበባ ያለው ቁጥቋጦ ሲሆን የእኛ አስተናግር ወይም አጤ ፋሪስ የቅርብ ዘመድ ነው፤ መርዙም ስኮፖላሚንና መሰሎቹ ናቸው። አስተናግር የበላ ሰው ምን እንደሚሆን አገር ቤት የሚያውቅ ያውቃል፤ አፍ ይደርቃል፣ ዐይን ይፈጣል፣ ሰው ካጠገቡ ከሌለ ሰው ጋር ያወራል፣ ራሱን ስቶ ወደ ወንዝ ወይም ወደ ጫካ ይሄዳል። ርካሽ ጽዋ «ጠንካራ» እንዲመስል ቶኤ የሚጨምሩ አሉ። ማንኛውንም ማዕከል የምትጠይቁት የመጀመሪያ ጥያቄ ይህ ይሁን፤ ቶኤ አለበት ወይ?

በዚያው ገበያ የአናኮንዳ ቆዳ፣ ስብና ራስ ቅል ታያላችሁ። አናኮንዳ ዓለም አቀፍ ንግዷ የዱር እንስሳትና ዕፅዋትን ንግድ በሚቆጣጠረው የሳይቲስ ስምምነት ሁለተኛ ዝርዝር ቁጥጥር ሥር ነው፤ ያለ ፈቃድ ወረቀት ቁራጭ ቆዳ ይዞ ድንበር መሻገር ወንጀል ነው። በጀልባ የሚያስጎበኙ አንዳንድ ሰዎች ደግሞ ታስራ የምትኖር አናኮንዳ አንገታችሁ ላይ አድርገው ፎቶ ያነሷችኋል። አፏ የታሰረ፣ በየቀኑ በብዙ እጅ የምትነካ እባብ አትበላም፤ አትበላምና ትሞታለች፣ ስትሞት ሌላ ትያዛለች። ገንዘቡን የሚያቆመው ተጓዡ ብቻ ነው።

3ኛ ቀን፤ ወደ ናውታ

ከኢኪቶስ የሚወጣው ብቸኛ መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ ናውታ ላይ ያልቃል፤ ሁለት ሰዓት ያህል ነው። በመንገዱ ላይ የአልፓዋዮ ሚሻና ጥብቅ ደን አለ፣ በነጭ አሸዋ ላይ የበቀለ ልዩ ደን ነው። ግማሽ ቀን ካላችሁ ግቡ።

ከናውታ ትንሽ በታች የማራንዮንና የኡካያሊ ወንዞች ይገናኛሉ። ከዚያ ወዲህ ነው ወንዙ አማዞን የሚባለው። በማራንዮን ዳር የሚኖሩት የኩካማ ሕዝብ ናቸው። ለእነርሱ ወንዙ ሥር ከተማ አለ፤ ሰምጦ አስከሬኑ ያልተገኘ ሰው እዚያ ይኖራል፣ ፑራዋ የሚሏት ታላቅ እባብም እዚያ ናት። ይህ የሽማግሌ ተረት ብቻ ሆኖ አልቀረም። ዘይት ከቧንቧ እየፈሰሰ ወንዙን ሲበክል የኩካማ ሴቶች ማኅበር ከሶ በ2024 የናውታው ፍርድ ቤት ማራንዮን ወንዝ መብት ያለው መሆኑን ፈረደ። ማኅበሩን የመሩት ማሪ ሉስ ካናኪሪ በ2025 የጎልድማን የአካባቢ ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። እባቧን ለማየት የሚሄድ ሰው ይህን ሳያውቅ ባያልፍ ደስ ይለናል።

ማታ ናውታ እደሩ። የምትገዙት፦ እስከ ጉልበት የሚደርስ የላስቲክ ቦት ጫማ፣ የግንባር ባትሪና መለዋወጫ ድንጋይ፣ አጎበር፣ ወፍራም ፌስታል ለልብስና ለስልክ። ቦቱን አውልቃችሁ ስታሳድሩ ገልብጡት፤ ጠዋት ሳታራግፉ አታጥልቁ።

4ኛ ቀን፤ ኮቻው ላይ

ፓካያ ሳሚሪያ ብሔራዊ ጥብቅ ሥፍራ ከ2 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ነው። መግቢያ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ አስጎብኚም ግዴታ ነው። ከዳር መንደሮች የተመለመለ አስጎብኚ ያዙ፤ ኮቻውን የሚያውቀው ዓሣ ሲያሰግርበት ያደገ ሰው ነው።

ኮቻ ማለት ወንዙ የተወው ሐይቅ ነው። ወንዙ እየተጠማዘዘ ሄዶ አንድ ቀን በአቋራጭ ሲሰብር አሮጌው ጥምዝ እንደ ማጭድ ቀርቶ ይዘጋል። ውሃው የተኛ፣ በቅጠል ጭማቂ እንደ ሻይ የጠቆረ ነው፤ ዳሩን ተንሳፋፊ ሣር ይሸፍነዋል። አናኮንዳ የምትወደው ይህን ነው።

የሚፈለገው ከ2 እስከ 5 ሰዓት ጠዋት፣ በተለይ ሌሊቱን ዘንቦ ፀሐይ ሲወጣ ነው። ሞተር ጠፍቶ በቀዘፋ ይኬዳል። ሙሉ እባብ አትፈልጉ፤ እንዲያ የሚፈልግ ሰው አጠገቡ እያለች ያልፋታል። ሣሩ ተጨፍልቆ የተኛበትን ቦታ፣ ጭቃው ላይ እንደ ተጎተተ ግንድ ያለ አንድ ወጥ መስመር፣ በወይራ አረንጓዴ ላይ ክብ ጥቁር ነጥብ ፈልጉ። ዐይኗና አፍንጫዋ ከራሷ አናት ላይ ስለሆኑ ገላዋ በሙሉ ሰጥሞ ሁለት ጣት የምታህል ራስ ብቻ ልትታይ ትችላለች።

ስለ ርዝመቷ የሚነገረው ብዙ ነው። ወንዱ ሦስት ሜትር ገደማ ሲሆን ሴቷ አምስት ሜትርና ከዚያ ትንሽ በላይ ትደርሳለች። በቬኔዙዌላ በጥንቃቄ ከተለኩት ትልቋ 5.21 ሜትር ርዝመትና 97.5 ኪሎ ግራም ነበረች። የኒው ዮርክ የእንስሳት ማኅበር ከ30 ጫማ፣ ማለትም ከ9 ሜትር፣ በላይ የሆነ ሕያው እባብ ላመጣ ሽልማት አውጥቶ ለብዙ አሥርት ዓመታት ቢጠብቅም የወሰደው የለም። «12 ሜትር አየሁ» የሚለው ሰው ውሸታም ላይሆን ይችላል። ውሃ ውስጥ የተጠማዘዘ ነገር ይረዝማል፣ የተገፈፈ ቆዳም ሲወጠር በብዙ ይለጠጣል። ለመገመት ከፈለጋችሁ የታንኳችሁን ርዝመት አስቀድማችሁ ለኩ፣ ከእሱ ጋር አስተያዩት። በእርግጥ 13 ሜትር ያህል የደረሰ እባብ ነበረ፤ በኮሎምቢያ ሴሬሆን የድንጋይ ከሰል ማውጫ አጥንቱ ተገኝቶ በ2009 ታይታኖቦዋ ተብሎ ተሰይሟል፤ ግን ከ58 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው።

በአገራችን ቆላ ያለው ዘንዶ እንቁላል ይጥልና ይታቀፋል። አናኮንዳ ግን ሕያው ትወልዳለች፤ ስድስት ሰባት ወር ተሸክማ ከ20 እስከ 40 ልጅ። በዚያ ሁሉ ጊዜ በአብዛኛው አትበላም፣ ፀሐይ ትሞቃለች። ዳር ላይ ተዘርግታ የምትታየው ትልቅ እባብ ብዙ ጊዜ እርጉዝ ሴት ናት ማለት ነው፤ ለፎቶ ብሎ ወደ ውሃ ማባረር ሙቀቷን መንጠቅ ነው። ሆዷ ተነፍቶ የምትታየውም በልታ ነው፤ ከደነገጠች የዋጠችውን ተፍታ ትሸሻለች፣ የወራት ቀለቧ ይበላሻል።

ርቀቱ ቢያንስ የራሷን ርዝመት ያህል ይሁን። መርዝ የላትም፤ ወደ ኋላ የተቆለመሙ ጥርሶቿ ግን ሥጋ ይቀድዳሉ። ከነከሰች እጅን መንጭቆ ማውጣት ሥጋን ይተለትላል፤ እስክትለቅ ጠብቃችሁ ቁስሉን በሳሙናና በንጹሕ ውሃ እጠቡ፣ ያመረቅዛልና ሐኪም ይየው። ተጠምጥማ እንደሆነ የሚፈታው ከጅራት ጀምሮ ነው። የያዘችውን እንስሳ የምትገድለው ትንፋሽ በማሳጣት ነው ሲባል ይኖር ነበር፤ በ2015 በቦዋ ላይ የተደረገ ጥናት ግን ጥምጥሙ በሰከንዶች ውስጥ የደም ዝውውርን እንደሚያቆም አሳይቷል። ሰው መዋጧ የተረጋገጠ አንድም መዝገብ የለም።

5ኛ ቀን፤ የሌሊቱ እግር ጉዞ

አደጋው ያለው እዚህ ነው። በዚህ አገር ሰው የሚነድፈው ያኩማማ አይደለችም፤ ሄርጎን የሚሉት፣ አንድ ሜትር ተኩል የማይሞላ፣ የደረቀ ቅጠል የሚመስል እባብ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ቦትሮፕስ አትሮክስ ነው። በሌሊት በመንገድ ዳር ይተኛል፣ በመንደር አጥር ሥር አይጥ ይጠብቃል። አብዛኛው ንድፊያ እግርና ቁርጭምጭሚት ላይ ነው፤ ቦቱ የተገዛው ለዚህ ነው። እጅ የሚነደፈው ደግሞ ማገዶ ሲነሳ፣ የወደቀ ግንድ ሲያዝ ነው።

ሌሎቹም አሉ። ሹሹፔ ከአሜሪካ አህጉር መርዛም እባቦች ረጅሙ ነው፣ ከሦስት ሜትር ሊያልፍ ይችላል፤ በጥልቅ ደን ይኖራል፣ እምብዛም አይታይም። ሎሮ ማቻኮ አረንጓዴ ሆኖ በዐይን ትክክል ቅርንጫፍ ላይ ይጠመጠማል፤ ስለዚህ በሌሊት መብራቱ መሬት ላይ ብቻ አይተከል።

አስጎብኚው ከፊት፣ በመካከል ሁለት እርምጃ ያህል ርቀት። ግንድ ሲሻገሩ መጀመሪያ ግንዱ ላይ ቆሞ ማዶውን ማየት፣ ከዚያ መውረድ። ለሽንት ብቻውን ከመንገድ የሚወጣ አይኑር። ዛፍ ላይ ቀጭን ቡናማ የዛፍ ቦዋ ካያችሁ ዐይኗ በመብራቱ እንደ ፍም ያበራል፤ ጉዳት የላትም፣ ዝም ብላችሁ እዩ።

ሰው ከተነደፈ፦ አስቀምጡት፣ ቀለበትና ሰዓት አውልቁ፣ እግሩን እንደ ተሰበረ በእንጨት ደግፋችሁ አሳርፉት፣ በታንኳ አጋድማችሁ ውሰዱት፣ አታስሮጡት። ገመድ ማሰር፣ መብጣት፣ መምጠጥ፣ ጥቁር ድንጋይ ማጣበቅ የለም። የሄርጎን መርዝ ሥጋን ያበሰብሳል፣ ደም እንዳይረጋም ያደርጋል፤ እግሩን ስታስሩት መርዙን እዚያው አጎራችሁ እግሩን አሳጣችሁት ማለት ነው። አስፒሪንና አይቡፕሮፌን ደም መፍሰሱን ስለሚያብሱ አይሰጡ። ማርከሻው የፔሩ ብሔራዊ የጤና ተቋም የሚያዘጋጀው ነው፤ በስድስት ሰዓት ውስጥ ቢሰጥ ውጤቱ ይሻላል። ማርከሻው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ስለሚቀመጥ ታንኳ ላይ አይያዝም። ስለዚህ ከናውታ ሳትነሱ መጠየቅ ያለባችሁ፦ ማቀዝቀዣ ያለውና ማርከሻ ያለበት ቅርቡ ጤና ጣቢያ የት ነው? በሌሊት ነዳጅ ያለው ጀልባ ማን ጋ አለ? የሄርጎን ማርከሻ ለሹሹፔ አይበቃም፣ ለብቻው የተሠራ አለው። እባቡን ለማሳየት ብሎ ማሳደድ ሁለተኛ ሰው ያስነድፋል፤ ከሩቅ ፎቶ ከተነሳ በቂ ነው።

ጤና ጣቢያው ላቦራቶሪ ባይኖረው እንኳ አንድ ቀላል ምርመራ አለ። ሁለት ሚሊ ሊትር ደም በንጹሕ ደረቅ የብርጭቆ ቱቦ ተቀድቶ ሳይነካ 20 ደቂቃ ይቆማል፤ ሲዘቀዘቅ ከፈሰሰ ደሙ አልረጋም፣ መርዙ ሥራ ላይ ነው።

6ኛ ቀን፤ ሐረጉና ቅጠሉ

ተመልሶ ወደ መድኃኒተኛው ቤት። አያ በኬችዋ ሙት ወይም መንፈስ ነው፣ ዋስካ ገመድ፤ የመንፈስ ሐረግ እንደማለት። ሐረጉ ባኒስቴሪዮፕሲስ ካፒ ይባላል። እንግሊዛዊው የዕፅዋት ሰው ሪቻርድ ስፕሩስ በ1852 በብራዚል ቫውፔስ ወንዝ ላይ ናሙናውን ወስዶ ለሳይንስ አስተዋወቀው። ያረጀ ግንዱ ሲቆረጥ ውስጡ እንደ አበባ ቅጠል የተከፋፈለ ነው። ለመቆረጥ ቢያንስ አራት አምስት ዓመት ይፈልጋል። እንግዳ ሲበዛ ከኢኪቶስ ዙሪያ ያለው አልቆ ከሩቅ እየመጣ ነው፤ ሐረጉን ራሱ የሚተክል ቤት ምረጡ።

ሁለተኛው፣ ቅጠሉ፣ ቻክሩና ነው። ከቡና ጋር አንድ ቤተሰብ ነው፤ የቡና ቅጠል የሚያውቅ ሰው አንጸባራቂ ገጹንና ትይዩ አበቃቀሉን ወዲያው ይለያል። ቅጠሉን ገልብጡት፣ በመካከለኛው ጅማት ዳር ትናንሽ ጉብታዎች አሉ፤ ባለሙያው ከመሰሎቹ የሚለየው በእነዚህ ነው።

በቻክሩና ውስጥ ያለው፣ ራእዩን የሚያመጣው ዲኤምቲ የተባለ ንጥረ ነገር ብቻውን ቢጠጣ ምንም አያደርግም፤ አንጀትና ጉበት ውስጥ ያለው ኤምኤኦ ወዲያው ያፈርሰዋል። የሐረጉ ሃርሚንና ሃርማሊን ያንን በር ይዘጋሉ፣ ቅጠሉ ያልፋል። በሺህ ከሚቆጠሩ የደን ዕፅዋት መካከል እነዚህን ሁለቱን ማን አገናኛቸው ሲባሉ መድኃኒተኞቹ «ዕፅዋቱ ራሳቸው ነገሩን» ይላሉ።

ሐረጉ ተፍቆ በእንጨት መዶሻ ይወቀጣል፤ በድስት ከቅጠሉ ጋር ተደራርቦ በእንጨት እሳት ቀኑን ሙሉ ይፈላል፣ ይጠለላል፣ ውሃው ተመጥኖ ቡናማና ወፍራም እስኪሆን ይንተከተካል። የሚያበስለው ሰው ከእሳቱ አይርቅም፤ ማፓቾ እያጨሰ ጭሱን ወደ ድስቱ ይነፋል፣ ያዜማል። መጨረሻ ላይ እሳቱ ከበረታ ታችኛው ያራል። አንዱ ድስት ከሌላው በጥንካሬ እጅግ ስለሚለያይ «ይህን ያህል ሚሊ ሊትር ጠጣሁ» የሚል የሌላ ሰው ቃል ለእናንተ ምንም አይነግራችሁም።

አንድ አሜሪካዊ በ1986 ከዚህ ሐረግ በአንዱ ዓይነት ላይ የፓተንት መብት አውጥቶ ነበር። የአማዞን ሕዝቦች ኅብረት ተከራክሮ በ1999 ውድቅ ቢደረግም በ2001 ተመልሶለት በ2003 ጊዜው አልቋል። ፔሩ በበኩሏ በ2008 የደን ሕዝቦቿ የአያዋስካ ዕውቀትና አጠቃቀም የብሔራዊ ቅርስ አካል ነው ብላ አውጃለች።

7ኛ ቀን፤ ሌሊቱ

ጠዋት ቀለል ያለ ምግብ ያለ ጨውና ስኳር፤ ከ6 ሰዓት በኋላ ጾም። ማሎካ የሚባለው ክብ ቤት ውስጥ ለእያንዳንዱ ፍራሽ፣ ባልዲና ውሃ ይቀርባል። ማታ 2 ወይም 3 ሰዓት ላይ ጽዋው ይዞራል። መጠኑ የቡና ስኒ ያህል ወይም ያነሰ ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጠጣ ሰው ትንሽ ይጠይቅ። መብራት ይጠፋል።

ከ20 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ድረስ ምንም ላይኖር ይችላል፤ ከዚያ አራት፣ አምስት፣ ስድስት ሰዓት ይቆያል። ብዙዎች የሚሳሳቱት «አልያዘኝም» ብለው ቶሎ ሁለተኛ ጽዋ ሲጨምሩ ነው፤ ሁለቱ አንድ ላይ ይመጣሉ። ማስመለስና ተቅማጥ ይጠበቃል። ፔሩዎች መድኃኒቱን «ላ ፑርጋ»፣ ማጽጃው፣ ይሉታል፤ ኮሶ ጠጥቶ የሚያውቅ ቤተሰብ ሐሳቡ አይጠፋውም። ማስመለስ ግን አንድ ነገር ነው፤ ትኩሳት፣ የእግር መንቀጥቀጥና የጡንቻ መገተር፣ ደረት መውጋት፣ ሰው ስሙን አለማወቅ ሌላ ነገር ነው፤ እነዚህ ወደ ሆስፒታል የሚያስኬዱ ናቸው። ማዕከሉ በሌሊት መኪና ወይም ጀልባ ያለው መሆኑን አስቀድማችሁ የጠየቃችሁት ለዚህ ነው።

መድኃኒተኛው የሚያዜመው ኢካሮ ይባላል። ቻካፓ የተባለውን የቅጠል ጭብጥ እያንኮሻኮሸ ያዜማል፤ ዜማው የሕክምናው ዋና አካል ነው፣ ሲፋጠን ሌሊቱ ይፋጠናል፣ ሲበርድ ይበርዳል። ኢኪቶስ አካባቢ የሚሠሩ ብዙ መድኃኒተኞች ከኡካያሊ የመጡ ሺፒቦ ናቸው። በእነርሱ እምነት ሮኒን የምትባለው ታላቅ አናኮንዳ ቆዳ ላይ የዓለም ንድፍ ሁሉ አለ፤ ሴቶቻቸው በጨርቅ የሚጠልፉት ኬኔ ከዚያ የተቀዳ ነው። ስለዚህ በጨለማው ውስጥ እባብ የሚታየው ሰው ብዙ ነው፤ በእባብ አምሳል ጠላትን ሲያይ ላደገ ክርስቲያን ድንጋጤው ከባድ ሊሆን ይችላል። መድኃኒተኞቹ የሚመክሩት አንድ ነው፤ አትሽሽ፣ ቀና ብለህ ተቀመጥ፣ ትንፋሽህን አረጋጋ፣ ዜማውን ተከተል። አናኮንዳዋን በ4ኛው ቀን በፀሐይ፣ ከሩቅ፣ በዝምታ ያየ ሰው ይህ ምክር ይቀለዋል።

ሴቶች ብቻቸውን አይሂዱ፤ ሴት ረዳት ያለበትን ቤት ይምረጡ። ልብስ ማውለቅ ወይም ለብቻ ክፍል መግባት የሥርዓቱ አካል አይደለም። እንዲህ የሚል ሰው ካለ ያንኑ ሌሊት ሌሎችን ቀስቅሱ።

8ኛ ቀን፤ ዕረፍት

ሌላ ጉዞ አይያዝም። ሞተር አይነዳም፣ አይዋኝም። ኤምኤኦ ወደ ቦታው እስኪመለስ ቢያንስ አንድ ቀን ሙሉ የምግቡና የመድኃኒቱ ክልከላ ይቀጥላል። ለራስ ምታት ፓራሲታሞል ይበቃል፣ ትራማዶል እንዳይነካ። የሶኖራ እንቁራሪት መርዝ «ለማጠናቀቂያ» የሚያቀርቡ አሉ፤ ከአያዋስካ ጋር ተቀራርቦ ሲወሰድ ሊገድል ይችላል።

በብራዚል ናታል ከተማ በመድኃኒት ያልዳነ ድባቴ ያለባቸው 29 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት አንድ ጽዋ የጠጡት ከሳምንት በኋላም ማስመሰያ ከጠጡት ይልቅ እንደቀለላቸው አሳይቷል። ውጤቱን ጠቅሰው የሚሸጡላችሁ ሰዎች የማይነግሯችሁ፣ ታካሚዎቹ የቀድሞ መድኃኒታቸው በሐኪም ክትትል ከሰውነታቸው እንዲወጣ መደረጉንና ጽዋው የተሰጠው በሆስፒታል መሆኑን ነው።

9ኛ ቀን፤ መመለስ

ከኢኪቶስ አየር ማረፊያ በፊት ሻንጣውን ባዶ አድርጋችሁ እንደገና ክተቱ። በፔሩ የተፈቀደው ጽዋ ከድንበሩ በኋላ የተፈቀደ አይደለም። ዲኤምቲ በ1971ዱ የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት የመጀመሪያ ዝርዝር ውስጥ ያለ ንጥረ ነገር ስለሆነ ጠርሙሱን፣ ወፍራም ዝቃጩን፣ የቻክሩና ቅጠሉን ይዞ በዱባይ ወይም በዶሃ በኩል ማለፍ እስራት ሊያመጣ ይችላል። ላባ፣ ጥርስ፣ የእባብ ቆዳም ይቅር። የሺፒቦ ኬኔ ጥልፍ ግን ከጠለፈችው ሴት እጅ በዋጋው ተገዝቶ በነፃ ያልፋል፤ የእባቧ ቆዳ ንድፍ እሱ ላይ አለ።